ይህ ወጪ የሥራ ነው የቤት?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በግሌ የግራፊክስ ዲዛይን ሥራ እሠራለሁ። ቢሮ የለኝም፤ ከቤቴ አንዱን ክፍል ነው የምጠቀመው። የምከፍለው ሁሉ ከአንድ የባንክ ሒሳብ ይወጣል። የቤት ኪራይ፣ ኢንተርኔት፣ ስልክ፣ ነዳጅ፣ ደንበኛ ጋ ስሄድ የምለብሰው ልብስ፣ ምሳ፣ የልጄ ሞግዚት ደመወዝ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ግብር የማስታውቅበት ጊዜ ደርሷል። ከገቢዬ ላይ የትኛውን መቀነስ እችላለሁ? አንዱ ሁሉንም አስገቢው ይለኛል፣ ሌላው ምንም እንዳትነኪ ይለኛል።»

ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ምክር ይጎዳዎታል። ሁሉንም ያስገባ ሰው ኦዲት ሲመጣበት ትክክለኛውን ወጪም አብሮ ሊያጣ ይችላል። መዝገቡ ውስጥ አንድ የልጅ መጫወቻ ደረሰኝ የተገኘበት ሰው ሌላውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚታይለት። ምንም የማይነካው ደግሞ ያላገኘውን ትርፍ እንዳገኘ ቆጥሮ ግብር ይከፍላል። ሥራዎ ያስወጣዎትን ገንዘብ መቀነስ መብትዎ ነው። ማንም በልመና የሚሰጥዎት ነገር አይደለም።

ከዝርዝሩ በፊት አንድ የተለመደ ስህተት ላስተካክል። «ተቀናሽ» ሲባል ብዙ ሰው ያወጣው ገንዘብ ተመልሶ የሚመጣ ይመስለዋል። ተቀናሹ የሚቀነሰው ከግብሩ ላይ አይደለም፤ ግብሩ ከሚሰላበት ገቢ ላይ ነው። የግብር ምጣኔዎ 30 በመቶ ነው እንበል። 1,000 የሥራ ወጪ ካስገቡ ግብርዎ የሚቀንሰው በ300 ነው። ቀሪው 700 ከኪስዎ ወጥቷል። ስለዚህ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል «ግብር ይቀንስልኛል» ብሎ የማይፈልገውን ዕቃ የሚገዛ ሰው 300 ለማዳን 1,000 እየከፈለ ነው። በየዓመቱ ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ ሁሌም ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ዕቃው ነው። «ስልክ ይቀነሳል? ነዳጅስ? ልብስስ?» እንዲህ ከተጠየቀ መልስ የለውም። ስልክ በራሱ የሥራም የቤትም አይደለም። መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ የወጣው ለምንድን ነው የሚለው ነው። አንድ ዓይነት ወንበር ከአንድ መደብር ሁለት ገዝተው፣ አንዱ የሥራ ክፍልዎ ውስጥ ቢገባና ሌላው ሳሎን ቢቀመጥ፣ የመጀመሪያው የሥራ ወጪ ነው፤ ሁለተኛው የቤት። ወንበሮቹ ግን አንድ ናቸው።

የየአገሩ ሕግ ይህንኑ በየራሱ ቃል ይናገረዋል። የእንግሊዝ ሕግ ወጪው «ሙሉ በሙሉና ለሥራው ብቻ» የወጣ መሆን አለበት ይላል። የአሜሪካ ሕግ ለሥራው «የተለመደና አስፈላጊ» የሆነውን ወጪ ይፈቅዳል፤ የግል፣ የኑሮና የቤተሰብ ወጪን ደግሞ በሌላ አንቀጽ ይከለክላል። ምጣኔው፣ ጣሪያውና የተከለከሉት ወጪዎች ዝርዝር ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ እዚህ የምነግርዎትን ይዘው የሚኖሩበትን አገር ሕግ ያመሳክሩ።

እኔ ደንበኞቼን መጀመሪያ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለኝ። ሥራውን ነገ ጠዋት ቢያቆሙት ይህ ወጪ ይቀራል፣ ማለትም አብሮ ይቆማል ወይ? የዲዛይን ሶፍትዌሩ ክፍያ ይቀራል። የማተሚያ ቀለሙ ይቀራል። የድረ ገጽዎ ዓመታዊ ክፍያ ይቀራል። እነዚህ ጥርት ያሉ የሥራ ወጪዎች ናቸው፤ ሳይሳቀቁ ያስገቧቸው። የቤት ኪራዩ ግን አይቀርም። ስልኩም አይቀርም። እነሱ ሌላ ስሌት ይፈልጋሉ፤ እመለስባቸዋለሁ።

ይህ ጥያቄ አብዛኛውን ነገር ይለይልዎታል። የማይለይልዎት ሁለት ቦታ ነው፤ ልብስና ምሳ። ሰው በብዛት የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው።

ከልብስ ልጀምር። እንግሊዝ ውስጥ አን ማላሊው የምትባል ጠበቃ ነበረች። ፍርድ ቤት የምትቆመው በጥቁር ልብስና በነጭ ሸሚዝ ብቻ ነው፤ የሙያው ደንብ ነዋ። ከሥራ ውጭ ጥቁር ልብስ አትወድም። ሥራው ባያስገድዳት አትገዛቸውም ነበር። ስለዚህ የልብሶቹን መግዣና ማሳጠቢያ ከገቢዋ ላይ ቀነሰች። የግብር መሥሪያ ቤቱ አልቀበልም አለ። በሥር ፍርድ ቤቶች ረታች። በ1983 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ግን ጉዳዩ በጊዜው የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ሰሚ ወደነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደረሰና ተሸነፈች። የዳኞቹ አብላጫ ያለው ይህን ነው፦ ልብሱን ስትገዛ ያሰበችው ስለ ሥራዋ ብቻ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰው ነችና ብርድ የሚከላከልላት፣ ገላዋን የሚሸፍንላት ልብስ ያስፈልጋታል። ልብሱ ይህንንም ያደርግላታል። ስለዚህ «ለሥራ ብቻ» አይባልም።

አሜሪካ ውስጥም በ1980 ተመሳሳይ ጉዳይ ተወስኗል። የአንድ ውድ የልብስ ብራንድ መደብር ሥራ አስኪያጅ የነበረች ሴት ሥራ ቦታ የብራንዱን ልብስ እንድትለብስ ትገደድ ነበር። ኑሮዋ ቀለል ያለ ስለሆነ ከሥራ ውጭ አትለብሰውም። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈቀደላት፤ ይግባኝ ሰሚው ሻረው። መለኪያው የእሷ አኗኗር ሳይሆን ልብሱ ነው አለ። ማንም ሰው መንገድ ላይ ሊለብሰው የሚችል ልብስ ከሆነ የግል ነው።

እነዚህ ውሳኔዎች ፍትሐዊ ናቸው ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ የጠበቃዋ ነገር ዛሬም ይከነክነኛል። ግን ከእነሱ የሚወጣው ደንብ ግልጽ ነው። የጠበቃው ዊግና ካባ፣ የብየዳ ሠራተኛው የደህንነት ጫማና ጓንት፣ የድርጅት አርማ የተጠለፈበት የደንብ ልብስ ተቀባይነት አላቸው። ለሌላ ቦታ የማይሆኑ ናቸውና። እርስዎ ደንበኛ ጋ ሲሄዱ የሚለብሱት ጃኬት ግን የቱንም ያህል ለሥራ ብቻ ቢያስቀምጡት የግል ነው። አያስገቡት።

ምሳም እንዲሁ ነው። በ1975 እንግሊዝ ውስጥ አንድ በግሉ የሚሠራ አናጢ እንዲህ ብሎ ተከራከረ። ቤቱ ሲበላ ምሳው የሚያስወጣው 10 ፔንስ (የእንግሊዝ ሳንቲም) ነው። ሥራ ቦታው ሩቅ ሲሆን ግን ውጭ ለመብላት 40 ፔንስ ይከፍላል። ልዩነቱን 30 ፔንስ ብቻ ቀንሱልኝ አለ። ጥያቄው ምክንያታዊ ይመስላል። ዳኛው ግን ሰው የሚበላው ለመኖር ነው እንጂ ለመሥራት አይደለም ብሎ ውድቅ አደረገው። ብቻዎን የሚበሉት ምሳ፣ ሥራ ላይ ሆነው ቢበሉትም፣ የግል ነው። ለሥራ ከከተማ ወጥተው ሲያድሩ ነገሩ ይለወጣል፤ በብዙ አገሮች ያኔ የምግብና የአልጋ ወጪ ይፈቀዳል። ደንበኛ ለመጋበዝ የሚወጣው ደግሞ በየአገሩ የተለያየ ነው። አንዱ ጨርሶ ይከለክላል፣ አንዱ ግማሹን ይፈቅዳል። እዚህ ላይ ግምት አይሠራም፤ ሕጉን ማየት ግድ ነው።

ነዳጅ። ከቤት ወደ ሥራ ቦታ መመላለስ በአብዛኛው አገር የግል ወጪ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1946 የወሰነው ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። አንድ ጠበቃ ቤቱ ጃክሰን፣ የሚሠራበት ድርጅት ዋና ቢሮ ደግሞ ሌላ ክፍለ ግዛት ውስጥ ሞቢል ከተማ ነው። የጉዞና የማደሪያ ወጪውን ልቀንስ አለ። ፍርድ ቤቱ ሞቢል ያልሄድከው አንተ ጃክሰን መኖር ስለፈለግህ ነው፣ ሥራው አላስገደደህም አለው።

የእርስዎ ሁኔታ ግን ይለያል፤ ይህ የሚጠቅምዎት ነጥብ ስለሆነ ልብ ይበሉ። ሥራዎ ያለው ቤትዎ ውስጥ ነው። የሥራ ቦታዎ ቤትዎ መሆኑ በትክክል ከታየ፣ ከቤት ወደ ደንበኛ የሚሄዱት ጉዞ «ከቤት ወደ ሥራ» መሆኑ ይቀርና ከሥራ ቦታ ወደ ሥራ ቦታ ይሆናል። ይህ በብዙ አገሮች ይፈቀዳል። መንገድዎን አጠማዝዘው ልጅዎን ትምህርት ቤት ያደረሱበት ኪሎሜትር ግን ይወጣል።

የመኪናውን ወጪ በሥራና በቤት የምንከፋፍለው በኪሎሜትር ነው። ዓመቱ ሲጀምር መኪናው 46,200 ያነብ ነበር፣ ሲያልቅ 64,200 እንበል። ጠቅላላው 18,000 ኪሎሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ደንበኛ ጋ የሄዱበት ተደምሮ 7,200 ከሆነ ድርሻው 40 በመቶ ነው። ነዳጁም፣ ሰርቪሱም፣ ጎማውም፣ ኢንሹራንሱም በ40 በመቶ ይባዛል። ሌላ ሒሳብ የለውም። ለዚህ የሚያስፈልገው መኪና ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ደብተር ነው። ቀን፣ ከየት ወደ የት፣ ማን ጋ፣ ስንት ኪሎሜትር። አራት ነገር።

ስለ ደብተሩ አንድ ነገር ልንገርዎት። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛዬ የዓመት የጉዞ መዝገብ ይዞልኝ መጣ። ገለጥኩት። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ግፊት ተጽፏል። ቁጥሮቹ ሁሉ 20፣ 30፣ 50 ናቸው። አንድም 17 የለም፣ አንድም 43 የለም። ወረቀቱ አልተጨማደደም፤ መኪና ውስጥ ውሎ አድሮ አያውቅም። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ግብር ኦዲተሩም ከእኔ የባሰ ዓይን አለው። «ይህን አላስገባም» አልኩት፤ ጉዞዎቹን ከኢሜይሉና ከቀጠሮ ማስታወሻው ላይ አንድ በአንድ ፈልገን አወጣን። ከጻፈው ትንሽ ቢያንስም፣ ማስረጃ ያለው ነበር።

ወደ ቤትዎ ልመለስ። እዚህ መለኪያው ስፋትና ጊዜ ነው። የቤትዎ ስፋት 80 ካሬ ሜትር፣ የሥራ ክፍሉ 12 ካሬ ሜትር ነው እንበል። 12 ለ80 ሲካፈል 15 በመቶ ነው። ክፍሉ ለሥራ ብቻ ከሆነ የኪራዩ 15 በመቶ የሥራ ወጪ ነው። ማታ ማታ ልጅዎ የሚያጠናበት ከሆነ ግን ጊዜውንም መቁጠር አለብን። ክፍሉ በቀን 12 ሰዓት አገልግሎት ይሰጥና ከዚህ 9ኙ የእርስዎ ሥራ ከሆነ 75 በመቶ ነው። የ15 በመቶው 75 በመቶ 11.25 በመቶ ይሆናል። የዓመት ኪራይዎ 120,000 ቢሆን የሥራው ድርሻ 13,500 ነው ማለት ነው። መብራትም በዚሁ ሊሰላ ይችላል።

አንዳንድ አገሮች ግን በጊዜ መከፋፈሉን አይቀበሉም። አሜሪካ ውስጥ ክፍሉ ለሥራ ብቻና በመደበኛነት የሚያገለግል መሆን አለበት፤ ልጁ እዚያው ካጠና በደንቡ መሠረት ተቀናሹ አይፈቀድም። «ዋና የሥራ ቦታ» የሚለውም ብዙ አከራክሯል። ሦስት ሆስፒታል እየዞረ የሚሠራ አንድ የማደንዘዣ ሐኪም ነበር። ሆስፒታሎቹ ቢሮ ስላልሰጡት የጽሕፈት ሥራውን ቤቱ ነበር የሚሠራው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993 ዋና ሥራህ ሆስፒታል ነው ብሎ ከለከለው። የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ነገሩ ስላልተዋጠለት በ1997 ሕጉን አሻሻለ፤ የአስተዳደር ሥራውን የሚሠራበት ሌላ ቋሚ ቦታ የሌለው ሰው መቀነስ እንዲችል ፈቀደ። ይህን የምነግርዎት የዛሬው ክልከላ የነገ ፈቃድ ሊሆን ስለሚችል ነው። ሕጉን በየዓመቱ ይዩት።

ስልክና ኢንተርኔት። ዓመቱን ሙሉ ጥሪ መቁጠር አይጠበቅብዎትም። እንደተለመደው የሚሠሩበትን አንድ ወር ይምረጡና የዚያን ወር ጥሪዎች ዝርዝር ያውጡ። የደንበኛ የሆኑትን በቀለም ያስምሩ። ከ200 ጥሪ 130ው የሥራ ከሆነ 65 በመቶ ነው። ያን ዝርዝር ከነቀለሙ ፋይል ውስጥ ያስቀምጡት። «በግምት 80 በመቶ» ከማለት 65ን ከነማስረጃው ማቅረብ ይሻላል። ኮምፒውተሩን በተመለከተ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የሚያገለግል ዕቃ ስለሆነ በብዙ አገሮች ዋጋው በእርጅና ቅናሽ እየተከፋፈለ በየዓመቱ ይገባል። ልጅዎ ፊልም የሚያይበት ከሆነ የሱ ድርሻ ይቀነሳል።

ስለ ሞግዚቷ የጠየቁት ልቤን ነክቶታል። ሞግዚት ከሌለች እርስዎ መሥራት አይችሉም። ታዲያ ከዚህ የበለጠ የሥራ ወጪ ምን አለ? ይህንኑ ክርክር ካናዳ ውስጥ አንዲት ጠበቃ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ወስዳዋለች። የሞግዚቷን ደመወዝ እንደ ሥራ ወጪ አስገብታ ነበር። በ1993 ሰባት ለሁለት ተሸነፈች። በልዩነት የቆሙት ሁለቱ በፍርድ ቤቱ የነበሩት ሁለት ሴት ዳኞች ናቸው። እኔ ከሁለቱ ጋር ነኝ። ግን ደንቡ በአብዛኛው አገር የአብላጫውን ይከተላል፤ ልጅ ማሳደግ የግል ጉዳይ ነው ይላል። ካናዳን ጨምሮ አንዳንድ አገሮች ለልጅ እንክብካቤ ራሱን የቻለ ጣሪያ ያለው ተቀናሽ አላቸው። ያ ካለ በዚያ በኩል ይጠቀሙ። በሥራ ወጪ መዝገብዎ ውስጥ ግን የሞግዚቷን ደመወዝ «ደመወዝ» ብለው አያስገቡት። ይህን ያደረጉ ሰዎች ኦዲት ላይ «ሠራተኛዋ የምትሠራው ምንድን ነው?» ሲባሉ መልስ ያጣሉ።

አሁን ማስረጃው። ወጪው የቱንም ያህል የሥራ ቢሆን ማሳየት ካልቻሉ እንዳልነበረ ነው። ጆርጅ ኮሃን የሚባል ዝነኛ የአሜሪካ የቲያትር ሰው ለጉዞና ለግብዣ ብዙ ያወጣ ነበር፤ ደረሰኝ ግን አልያዘም። የግብር መሥሪያ ቤቱ አንድም አልቀበልም አለ። በ1930 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሆነ ነገርማ እንዳወጣ ግልጽ ነው፣ ገምቱለት፣ ነገር ግን ጥፋቱ የራሱ ስለሆነ ግምቱ ወደ ዝቅተኛው ያድላ አለ። ብዙ ሰው ይህን ፍርድ ተማምኖ ደረሰኝ መያዝ ተወ። በ1962 የአገሪቱ ሕግ አውጪ ለጉዞና ለግብዣ ወጪዎች በሩን ዘጋው። ማስረጃ ከሌለ፣ ተቀናሽም የለም።

ደረሰኝ ብቻውንም አይበቃም። ደረሰኝ የሚነግረን ስንት እንደተከፈለና የት እንደተከፈለ ነው። ለምን እንደተከፈለ አይነግረንም። ስለዚህ ደረሰኙን በተቀበሉበት ሰዓት ጀርባው ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ። «የአርማ ሥራ፣ ከእገሌ ጋር፣ ለናሙና ማሳተሚያ።» በቃ። ከስምንት ወር በኋላ ሊያስታውሱት አይችሉም፤ እኔም አላስታውስም። ፎቶ ማንሳትም አይርሱ። ከማሽን የሚወጣው ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ነው። አንድ ደንበኛዬ የዓመት ደረሰኞቿን በፌስታል አድርጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አቆይታ ነበር። ስትዘረግፋቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ምንም የማይነበብባቸው ግራጫ ቁራጮች ነበሩ። ያወጣችው ገንዘብ እውነት ነበር። እጇ ላይ የቀረው ግን ወረቀት ብቻ ነው።

ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። «ደረሰኙ በንግድ ስሜ ነው የተቆረጠው፣ ስለዚህ የሥራ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ስም ዓላማን አይቀይርም። የቤት ፍሪጅ በንግድ ስም ቢገዛም የቤት ፍሪጅ ነው። ከግል ሒሳብዎ የተከፈለ የማተሚያ ቀለም ደግሞ የሥራ ወጪነቱን አያጣም። ወደፊት ሥራዎ አድጎ ኩባንያ ቢያቋቁሙ ግን ይጠንቀቁ። አሁን ከሥራው ገንዘብ ለቤትዎ ሲያወጡ የራስዎን ገንዘብ ነው ያወጡት፤ ተቀናሽ አይሆንም እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ኩባንያ ሲሆን ገንዘቡ የኩባንያው ነው። የቤት ኪራይዎን ኩባንያው ከከፈለ እንደ ደመወዝ፣ እንደ ጥቅማጥቅም ወይም እንደ ትርፍ ክፍፍል ተቆጥሮ ግብር ሊጠየቅበት ይችላል።

ቅጣት፣ ለምሳሌ የትራፊክ ቅጣት፣ ለሥራ እየሄዱም ቢደርስብዎ በአብዛኛው አይቀነስም። ራሱ የገቢ ግብሩም አይቀነስም። ሥልጠና ደግሞ አሁን የያዙትን ሙያ የሚያሻሽል ከሆነ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል፤ አዲስ ሙያ ለመጀመር ከሆነ በአብዛኛው አይፈቀድም።

ስላለፈው ዓመት ምን ይሁን? የባንክ መግለጫዎን ያትሙና ሦስት ቀለም ይያዙ። በአንዱ ጥርት ያሉትን የሥራ ወጪዎች፣ በሌላው ጥርት ያሉትን የቤት፣ በሦስተኛው የተቀላቀሉትን ያስምሩ። ለተቀላቀሉት ከላይ ያሳየሁዎትን ድርሻ ያስሉና ስሌቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ያያይዙት። ከኢሜይል፣ ከቀጠሮና ከክፍያ መጠየቂያ ሰነዶችዎ ጋር ያገናዝቡት። ምንም ማስረጃ የማይገኝለት ከሆነ ይተዉት። አሁን የጻፉትን ዝርዝር ያኔ እንደተጻፈ አድርገው ቀን እንዳያስቀምጡበት። «ከባንክ መግለጫ ተነስቶ በኋላ የተዘጋጀ» ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም፤ ኦዲተሮችም ያከብሩታል።

ለሚመጣው ዓመት በዚህ ሳምንት ሁለተኛ የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ። የደንበኛ ክፍያ ሁሉ እዚያ ይግባ፣ የሥራ ወጪም ከዚያ ይውጣ። ለቤትዎ የሚያስፈልግዎትን ወር በገባ ቁጥር በአንድ ጊዜ ወደ አሁኑ ሒሳብዎ ያዛውሩ፤ በየቀኑ እየቆነጠሩ አያውጡ። ደብተሩን ዛሬውኑ መኪናው ውስጥ ያስቀምጡና የመጀመሪያው መስመር ላይ መኪናው አሁን የሚያነበውን ኪሎሜትር ይጻፉበት።